ተቀባይ ያጣ ዘፈን

«ተገደን ነው!» ኧረ ተዉኝ እባካችሁ! በእንግሊዞች እስር ቤት የታጎርን ላትቪያውያን ወታደሮች አፋችን ላይ የቀረችው ይህችው ቃል ብቻ ነበረች። ጀርመን ሲሸነፍ፣ የሱን ልብስ ለብሰን የተዋጋን ሁሉ ባንዴ ተበዳይ ሆነን አረፍነው።

እኔንስ በእርግጥ አስገድደው ነው የወሰዱኝ። ቪስቫልዲስን ግን ማን አስገደደው? ጀርመኖች ከተማችን በገቡ በሳምንቱ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ክንዱ ላይ የረዳት ፖሊስ ጨርቅ አስሮ ጠመንጃ ተቀበለ። ልብስ ሰፊውን ሂርሽን፣ አይሁዳዊ ነው ብሎ፣ ከነሚስቱ ከነልጆቹ ወደ ጫካ የነዳው እሱ ነው። አንዳቸውም አልተመለሱም። አሁን ደግሞ ነገ የሚመጣው የእንግሊዝ መኮንን ፊት «አብሮን በግድ የተመለመለ ነው» ብለን እንድንመሰክርለት ይፈልጋል። ከመሰከርንለት ይፈታል።

«ምናለበት?» አለ አስር አለቃችን አውጉስትስ። «ሁላችንም ተበድለናል። እናቴን ሩሲያኖች ሳይቤሪያ ወስደውብኛል፣ ታውቃለህ።»

«እናትህን የወሰዳት ሂርሽ ነው?»

«አንተ ደግሞ ነገር ታከራለህ፣ ቴዎዶርስ!»

ማታው ሊጎ፣ የአገራችን የሰኔ በዓል ነበር። ቢራም አይብም ባይኖር ከአጥሩ ዳር ካለው የኦክ ዛፍ ቅጠል ዘንጥፈን አክሊል ሠራን። በሊጎ አንዱ ሌላውን በግጥም ይሸነቁጣል፤ የተሸነቆጠ ሰው መልሶ ይገጥማል እንጂ መቆጣት ነውር ነው። ግጥሙን ሁሉም «ሊጎ፣ ሊጎ!» እያለ ይቀበላል። ወጥ ቤቱ ተሰደበ፣ ቅማሉ ተሰደበ፣ ሳቅ በሳቅ ሆንን። እኔም ተነሳሁ፤

«ቪስቫልዲስ ቆንጆው ልብሱ ያምርበታል፤
የሰፋለት ሂርሽ ከጥድ ሥር ተኝቷል።»

የተቀበለኝ የለም። አውጉስትስ ባዶ ሳህኑን ያገላብጣል። ቪስቫልዲስ ግን ፈገግ ብሎ ተነሳ፤

«ቴዎዶርስ ዳኛው ፍርድ ይሰጠናል፤
የሱም ኮት እንደኛው ጀርመን ሰፍቶለታል።»

«ሊጎ! ሊጎ!» ጣሪያው ሊነሳ ደረሰ። ሂርሽ በዱቤ ሱሪ ሲሰፋለት የኖረው የሰፈሬ ልጅ ሳይቀር እየዘለለ ተቀበለ። ፈሪ ሁላ! የራሳቸው ኮት ነጻ የወጣላቸው መስሏቸው ነው።

በማግስቱ መኮንኑ ፊት ቆሜ የማውቀውን አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። መኮንኑ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

«ጌታዬ፣ አይፍረዱበት፤» አለ አውጉስትስ እየሳቀ። «ትናንት በዓል ላይ በግጥም ተሸንፎ ነው። አኩርፏል።»

አስተርጓሚው ሲነግረው መኮንኑም ሳቀ። ሌሎቹ አንድ በአንድ መሰከሩ፤ ቪስቫልዲስ ተፈታ።

ሲወጣ ወደ እኔ መጥቶ እጁን ዘረጋልኝ። በሊጎ ግጥም ቂም አይያዝም፣ አይደል? እጁ ላይ ተፋሁበት። አውጉስትስ ግን ጎትቶ መለሰኝና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ አታፍርም?» አለኝ።