የጋሽ ድልነሳው ምላጭ

ትርንጎ ምላጩን መሳያ ድንጋዩ ላይ በሳበች ቁጥር፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ የሚኖሩት ጋሽ ድልነሳው ከፊታቸው አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር። መጀመሪያ ሪዛቸው ሄደ። ቀጥሎ ቅንድባቸው።

ይህን እሷ አታውቅም። የምታውቀው ምላጩ የእሳቸው እንደነበረ ነው። ጋሽ ድልነሳው ፀጉር አስተካካይ ሳሉ፣ «ሸዋቀና ሱቅ ሲሰብር በዓይኔ አይቻለሁ» ብለው በወንድሟ ላይ በሐሰት ማሉ፤ ሸዋቀና እስር ቤት ሞተ። ስለዚህ ቀፊራ ገበያ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥ ሰውዬ ፊት፣ የቀንድ እጀታው ላይ ስማቸው የተቀረጸበትን ያን ዝገታም ታጣፊ ምላጭ ስታይ ሳትከራከር ገዛችው። ሐሳቧ ጉሮሯቸውን በገዛ ምላጫቸው መቁረጥ ነበር። ችግሩ፣ ምላጭ ስላ አታውቅም። እንደ ሽንኩርት ቢላዋ ሽቅብ ቁልቁል ትፈትገው ጀመር።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ድልነሳው ናቸው። አፍንጫቸው ግማሽ ነው።

«ትርንጎ፣ አያያዝሽ ልክ አይደለም» አሉ። «ጀርባውን ከድንጋዩ ታነሺዋለሽ። እየቦጨቀኝ ነው።»

«ይግቡ፣ ጋሼ።»

ገብተው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ሕመማቸው ደስ አሰኝቷታል፤ ግን በደነዘ ምላጭ የትም እንደማይደረስ ገባት።

«እስቲ ያሳዩኝ» አለች።

«ጀርባውም ስለቱም እኩል ድንጋዩን ይንኩ። ስለቱን አስቀድመሽ ግፊው፤ ጫፍ ስትደርሺ በጀርባው ገልብጪው። አትጫኚው። ውሃ ጨምሪ።»

እንዳሉት አደረገች። የቀረው አፍንጫቸው ያለ ሕመም ሄደ።

«አሁን ገባሽ» አሉ።

ግራ ዓይናቸው፣ ከዚያም ቀኙ፣ እንደ ሳሙና አረፋ ተጠርጎ ለቀቀ።

«አፍዎን አቆይቼዋለሁ» አለች ትርንጎ። «ስለ ሸዋቀና ይናገሩ።»

«አላየሁትም። ሱቁን የሰበረውን ሰው ፈርቼ ነው የማልኩት። ወንድምሽ ንጹሕ ነበር።»

አልቅሳ ልትተዋቸው ትችል ነበር።

«እንግዲህ እውነቱን ተናገርኩ፣ ልጄ።»

«ሰምቻለሁ» አለችና ምላጩን አንዴ ሳበችው።

ፊታቸው እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆነ። ደፉ እንዳያደናቅፋቸው እየነገረች፣ ክንዳቸውን ይዛ እስከ አጥሩ በር ሸኘቻቸው። የድንጋዩን እጣቢ ደጃፏ ላይ ደፋችው።

በማግስቱ ጠዋት እጣቢው የፈሰሰበት አፈር ከንፈር አውጥቶ ነበር። በጋሽ ድልነሳው ድምፅ አላፊ አግዳሚውን «እንዴት አደራችሁ?» ይላል። ሰዎቹም «እግዜር ይመስገን» ብለው ያልፋሉ።

ትርንጎ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች። ከንፈሩ ላይ ቆመችና ከጎረቤቷ ጋር ስለ ሙቀቱ ማውራት ጀመረች። ከእግሯ ሥር የሞቀ ትንፋሽ ሽቅብ ሲገፋ ተሰማት። ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ክብደቷን ወደ ተረከዟ አዛወረች።