እስከ ጢሙ የደረሰ እጅ

ሶፋ ሠሪው ምስማሩን የሚይዘው በአፉ ነበር። እፍኝ ምስማር ይጎርሳል፤ በምላሱ አንድ በአንድ ወደ ከንፈሩ ይገፋል፤ ይቀበላል፤ ይመታል። ስለዚህ ሥራ ላይ አይናገርም። ምስማሩ ሲያልቅ ግን ከዚያ አፍ የሚወጣው ቃል ከምስማሩ ባልተናነሰ ይወጋ ነበር።

የሰፈሩን ቅጽል ስም ግማሹን ያወጣው እሱ ነው። ዳቦ ጋጋሪውን «አየር» አለው፤ ዳቦህ ሲቆርሱት ውስጡ ባዶ ነው ብሎ። ስሙ ተጣበቀ። እሱ ያወጣው ስም እንደ ሙጫ ነው፤ ቢልጡት ቆዳ ይዞ ይነሳል።

ሶፋና ሳጥን የሚሸከመውን ሰውዬ ደግሞ «ነስር» አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን በጀመዓ፣ በጋራ በሚሰገደው ሶላት መካከል ተሸካሚው አፍንጫውን በእጁ ይዞ ከሶፉ፣ ከሰጋጆቹ ረድፍ፣ ወጣ። የሚያውቅ ያውቃል። ሶላት ላይ ንፋስ አምልጦት ውዱእ፣ የመታጠቡ ንጽሕና፣ የጠፋበት ሰው አፍንጫውን ይዞ እንዲወጣ የተነገረው፣ ሰው «ነስሮት ነው» ብሎ እንዲያልፈውና ሐፍረቱ እንዲሸፈንለት ነው። ሽፋኑ የነቢዩ ስጦታ ነው፤ የአላህ ሰላም በእሳቸው ላይ ይሁን። ሶፋ ሠሪው፣ እንጀራው ያረጀን ነገር ማልበስ የሆነው ሰው፣ ያንን ሽፋን ገለጠው። ሶላቱ ሲያልቅ ጫማ ማውለቂያው ላይ ቆሞ ጠበቀውና፣

«ነስሩ ቆመልህ?» አለው፤ ጎላ አድርጎ።

ሰው ሳቀ። ተሸካሚውም አብሮ ሳቀ፤ እስከ አንገቱ ቀልቶ። ከዚያ ወዲህ «ነስር፣ ይቺን አልጋ አንሳ»፣ «ነስር፣ በዚህ በኩል ዙር» ሆነ። ልጆቹንም የነስር ልጆች አሏቸው።

ሶፋ ሠሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። በወጣትነቱ ቁጡ ነበር። ወርውሮት የገዛ በሩን የሰበረበት መዶሻ ዛሬም አለ። ያበረደው ቁርአን ነው። ጢም ካወጣ በኋላ ከሕፃናት ጋር ተቀምጦ ፊደል ቆጠረ፤ ሲሳሳት ሕፃናቱ ሳቁበት፤ ቻለው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ማለዳ ሱቁን ከፍቶ፣ ግቢው ቧንቧ ላይ ውዱእ አድርጎ፣ ገና ስፖንጅ ያልለበሰ ሶፋ ጣውላ ላይ ተቀምጦ ከቁርአኑ አንድ ገጽ ድምፁን አውጥቶ ይቀራል። ቁርአኑ በጎኑ ትርጉም አለው፤ ጣቱን እያስከተለ ያነበዋል። ሲጨርስ ደረቱ ውስጥ የተወጠረው ሞላ ሁሉ ረገብ ይላል። መዶሻውን የሚያነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ሚስቱ «ሳትቀራ ሥራ የጀመርክ ቀን ከአንተ ጋር ምሳ አልበላም» ትለው ነበር።

አንድ ቀን በመስጂዱ የሚያሰግዱት ሸህ ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘጋ። የመግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት ሲደርስ ሰው ሶፋ ሠሪውን እንዲያሰግድ ወደ ፊት ገፋው፤ ቁርአን ሲቀራ ያምርበታልና። «ኧረ እኔ» አለ፤ እግሩ ግን ቀድሞት ሄዷል።

ምሳ ላይ ባቄላ በልቶ ነበር። ሆዱ ሲንጫጫ ቢውልም ችላ ብሎታል። በሁለተኛው ረከዓ፣ በሁለተኛው የስግደት ዙር፣ ለሱጁድ ግንባሩን ምንጣፉ ላይ ሊደፋ ሲወርድ አመለጠው። ድምፅ አልነበረውም። ከእሱና ከፈጣሪው በቀር የሰማ የለም። ውዱኡ ግን ጠፋ።

ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። አፍንጫውን ይዞ፣ ከኋላው ያለውን ሰው ወደ ቦታው ስቦ፣ መውጣት ነው። ሊያደርገውም ነበር። ከሱጁድ ቀና ሲል ቀኝ እጁ ተነሳ። ተነሳና እስከ ጢሙ ደረሰ። እዚያ ሲደርስ ጫማ ማውለቂያው ታየው። የሰው ሳቅ ተሰማው። «ነስሩ ቆመልህ?» የሚል ድምፅ ሰማ፤ ድምፁ የራሱ ነበር።

እጁ ጢሙን ዳበስ አድርጎ ተመለሰ። ሶላቱን ቀጠለ።

ሦስተኛው ረከዓ ላይ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። «አላሁ አክበር» ሲል ቃሉ ጉሮሮው ላይ ተሰነጠቀ። ከኋላው አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማ። ሶላቱን በሰላምታ ሲዘጋ ፊቱ ላብ ብቻ ነበር። ሰው መጥቶ ከበበው።

«ዛሬስ ልባችንን ነካኸው!»

«ፍርሃተ አላህ ማለት ይኼ ነው እንጂ!»

ተሸካሚው እጁን ይዞ ሳመው። ዓይኑ እርጥብ ነበር። «አስለቀሱኝ ጋሼ» አለ። «አላህ ይቀበልዎ።»

ሶፋ ሠሪው መሬት ተከፍታ ብትውጠው ተመኘ።

ቤቱ እንደገባ ውዱእ አድርጎ ሶላቱን ደገመው። ሚስቱ «መስጂድ አልነበርክም እንዴ?» አለች። «ነበርኩ» አለ። ሶላቱስ ተደገመ፤ እጁ ላይ የቀረውን መሳም የሚያጥብ ውሃ ግን አላገኘም።

በማግስቱ ማለዳ እንደ ልማዱ ጣውላው ላይ ተቀምጦ ካቆመበት ቀጠለ። ከቁርአኑ ምዕራፎች አራተኛው ሱራ ላይ ነበር። ጣቱ ትርጉሙን ተከትላ ስትሄድ አንድ አንቀጽ ላይ ቆመች። አንቀጹ ከሰው ስለሚደበቁ፣ ከአላህ ግን ስለማይደበቁ ሰዎች ይናገራል፤ እሱ አብሯቸው እያለ። ሶፋ ሠሪው ጆሮ ግንዱ ጋለ። ቁርአኑን ስሞ ከደነው።

በሌላውም ቀን ከዚያው ገጽ ጀመረ፤ እዚያው አንቀጽ ላይ ከደነ። እንደዚሁ ሰነበተ። ገጹን ዘሎ እንዳያልፍ ያፍራል፤ እንዳያነበው ይፈራል። የረገበው ሞላ ተመልሶ ተወጠረ። ጨርቅ አጣሞ ይቆርጥ ጀመር።

የሚስቱ ወንድም አናጺ ነው፤ የሶፋውን ጣውላ የሚገጣጥምለት እሱ ነው። አፉ ገበያ ነው፤ ጠዋት የሰማውን ከቀትር በፊት ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል። አንድ ቀን ስለ አንድ ደንበኛ ያወራ ነበር፤ ሰውዬው ስብሰባ ላይ ሊናገር ተነስቶ፣ ጉዱን የሚያውቁ ሰዎች ሲገቡ አይቶ ተቀመጠ።

«ምን ያድርግ!» አለ አናጺው መጋዙን እየሳበ። «ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም።»

ሶፋ ሠሪው አውራ ጣቱን በመዶሻ መታ። ምስማሮቹ ከአፉ ተረፈረፉ።

«ጋሼ! ምነው?»

«ምንም።»

«ሰሞኑን ምን ነክቶሃል? እህቴ እንኳ ‹አይቀራም፣ አይቆጣም፣ ሰውዬው ታሟል› አለችኝ።»

«መጋዝህን ሳብ» አለው፤ ጣቱን እየጠባ።

ከዚህ በኋላ ነው ተሸካሚው በማለዳ የመጣው። የሚጭነው ሶፋ የጀርባ ጨርቁ ገና አልተመታም። ሶፋ ሠሪው ቁርአኑ ጭኑ ላይ ነበር፤ ያቺ አንቀጽ ላይ ደርሶ ሊከድን ሲል ተሸካሚው በሩ ላይ ቆመ።

«አይክደኑት፣ አይክደኑት» አለ፤ ገመዱን ትከሻው ላይ እንደጣለ። «እኔ እጠብቃለሁ። ይቅሩ፤ ለኔም ይድረሰኝ። ማንበብ አልችል።»

«ሥራ ይበልጣል፤ ደንበኛው ይጠብቅሃል።»

«ደንበኛ መች ጠግቦ ያውቃል? ይቅሩልኝ። ያን ቀን እንደቀሩት አድርገው።»

ሶፋ ሠሪው ሌላ ገጽ ሊገልጥ አሰበ። ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ይታወቀዋል? እጁም ገጹን ያዘች። ከዚያ ራሱን ታዘበ፤ ደግሞ ሌላ መደበቂያ እየፈለገ ነው። ቀራው። በዓረብኛው አንብቦ ሲያበቃ በጎኑ ያለውን ነገረው።

«ከሰው ይደበቃሉ ይላል። ከአላህ ግን አይደበቁም። እሱ አብሯቸው እያለ።»

ተሸካሚው ራሱን ነቀነቀ። ሶፋ ሠሪው ቁርአኑን ሊከድን እጁን አነሳ።

«እዚህ ላይ አበቃ?» አለ ተሸካሚው።

«አላበቃም።»

«ታዲያ ምነው? ሰውን እሳት አፋፍ ላይ አቁሞ ይኬዳል እንዴ? ቀጥሉልኝ እንጂ!»

ቀጠለ። የሚቀጥለው አንቀጽ በዚህ ዓለም ጠበቃ ላገኙ ሰዎች በዚያኛው ማን እንደሚከራከርላቸው ይጠይቃል። ድምፁ ሻከረ። ከዚያ ወደሚቀጥለው አንቀጽ ወረደ። አይቶት የማያውቅ ያህል አየው፤ በዚያ ሁሉ ቀን፣ እዚያው ገጽ ላይ፣ ሁለት አንቀጽ ወረድ ብሎ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

«ክፉ የሠራ» አለ ቀስ ብሎ፤ «ወይም ራሱን የበደለ… ከዚያ አላህን ማረኝ ያለ… መሓሪ፣ አዛኝ ሆኖ ያገኘዋል።»

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለ ተሸካሚው። «ይሄን ሊያስቀሩብኝ ነበር?»

ሶፋ ሠሪው ቁርአኑን ከድኖ መደርደሪያው ላይ አኖረው። ተመልሶ ከሰውየው ፊት ቆመ። ዓይኑን ማየት አልቻለም፤ ገመዱን አየ።

«ይቅር በለኝ» አለ።

«ለምኑ?»

«ያን ቀን ሳሰግድ ውዱእ አልነበረኝም። ሱጁድ ላይ ጠፋብኝ። ዝም ብዬ ጨረስኩት።»

ተሸካሚው ገመዱን ጨበጠ። «እኔ ያለቀስኩ ቀን?»

«አዎ።»

«ያ ድምፅዎ የተንቀጠቀጠው…»

«ሐፍረት ነው።»

ተሸካሚው ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ትከሻው ሲርገፈገፍ ሶፋ ሠሪው የሚያለቅስ መሰለው። እየሳቀ ነበር። ዓይኑን በገመዱ ጫፍ ጠረገ።

«ታዲያ አፍንጫዎን ይዘው አይወጡም ነበር?»

«ያንተን ስም ፈርቼ።»

ሳቁ ቆመ።

«ነስርን?»

«ነስርን።»

«ለካ ለእርስዎም ይከብዳል» አለ ተሸካሚው። «ጋሼ፣ እኔ ቁም ሣጥን ለብቻዬ ፎቅ አውጥቻለሁ። እንደዚያ ስም የከበደኝ የለም። ትንሿ ልጄ ‹አባዬ፣ ነስር ምንድን ነው?› ብላ ስትጠይቀኝ ምን እንደምላት ጠፋኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ሶፋ ሠሪው አንገቱን ደፋ።

«ምን ላድርግልህ?»

«ምንም። አላህ ሸፍኖዎታል፤ እርስዎም ዝም ይበሉ። ከኔ አፍ አይወጣም። ይቅር ብያለሁ።»

ይህን ጊዜ ነው ሐፍረቱ አጥንቱ ድረስ የገባው። ቢሰድበው ይቀለው ነበር። እሱ ሽፋን የገፈፈው ሰው ሽፋን አለበሰው።

አናጺው ጮሆ ገባ። «ነስር! ገና አልጫንከውም? ባለ ሶፋው መንገድ ላይ ሊያብድ ነው!»

«እሱን ነስር አትበለው» አለ ሶፋ ሠሪው።

«ማን ልበለው ታዲያ? ያወጣህለት አንተ አይደለህ?»

ተሸካሚው በዓይኑ «ይተዉት» አለው። ሶፋ ሠሪው አፉ ውስጥ አንድም ምስማር አልነበረም።

«ነስር እኔ ነኝ» አለ። ነገረው፤ ከባቄላው እስከ ጢሙ።

አናጺው ወደ እሱ ጠጋ አለ። «ሱጁድ ላይ?»

«ሱጁድ ላይ።»

«ጋሼ! እኔ እኮ ልክ ከኋላህ ነበርኩ!»

ተሸካሚው ዳግመኛ ሳቁን መያዝ አቃተው። ሶፋ ሠሪው አልሳቀም። «ይሄ ሰውዬ የታዘዘውን አደረገ፤ እኔ አላገጥኩበት» አለ። «ስታወራ ይህቺን እንዳታስቀር። ሌላውን እንደፈለግህ።»

አናጺው አላስቀረም። የመግሪብ አዛን፣ የሶላቱ ጥሪ፣ ሲሰማ ከሰፈሩ ያልሰማ አልነበረም። ሶፋ ሠሪው ሚስቱን «ዛሬ ቤት ልስገድ ይሆን?» አላት። እሷም ሰምታለች። «ቤትማ ግድግዳ ነው ያለው» አለችው። «አንተ የምትፈራው ሰው ያለው እዚያ ነው። ሂድ።»

ሄደ። የመስጂዱ ቧንቧዎች ላይ የተቀመጡት ሰዎች ሲያዩት እጃቸውን አፍንጫቸው ላይ አደረጉ። ዳቦ ጋጋሪው ከተቀመጠበት ተነስቶ በአክብሮት ቦታ ለቀቀለት።

«ስሜን ውሰደው ወንድሜ» አለው። «አየር የሚለው ላንተ ይሻላል።»

ሳቁ ግድግዳውን አናጋው። ሶፋ ሠሪው እጁን ውሃው ውስጥ ከተተ። ፊቱ እሳት ነበር። መልስ ምላሱ ላይ መጥቶለት ነበር፤ ጥሩ መልስ፣ ዳቦ ጋጋሪውን ዕድሜ ልኩን የሚከተል። ዋጠው። ከምስማር ሁሉ እሱን መዋጥ ከበደው።

ሸሁ ድምፃቸው ተመልሷል። አንዱ ጠየቃቸው፤ ያን ቀን ከኋላው የሰገድን እኛስ?

«እናንተ አላወቃችሁም፤ ሶላታችሁ ጸንቷል» አሉ። «እሱ ይድገም።»

«ደግሜዋለሁ» አለ ሶፋ ሠሪው።

ሸሁ ቆም ብለው አዩት። «እንግዲህ ወሬው እዚህ ላይ ይብቃ» አሉ፤ ለሁሉም። «ነስር የሚባል ስምም ከዚህ በር አይግባ።»

እርግጥ ስም በአንድ ቀን አይወልቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አንዱ ከኋላ «የትኛው ነስር?» ብሎ አንሾካሾከ።

ሶፉ ተስተካከለ። ሶፋ ሠሪው እንደ ድሮው ፊት አልተሰለፈም፤ መጨረሻው ላይ ቆመ። ክፍተቱን ሊሞላ የመጣ አንድ ትከሻ ትከሻውን ነካው። ሸክም ያጠነከረው ትከሻ ነው። ማን እንደሆነ ሳያይ አወቀ።

ሸሁ ቁርአን ቀሩ። የማያውቀው ሱራ አልነበረም። ያን ሁሉ ቀን ከጆሮው ውጭ ሲቀር የሰነበተው ቃል ግን ዛሬ ገባ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሰው፣ በሩን አንኳኩቶ።

ሱጁድ ወረደ። ፊቱ ገና ይቃጠል ነበር። ምንጣፉ ቀዝቃዛ ነበር።