የልብስ ሰፊዋ ኮራሎች

ሰኔ ስምንት ቀን ነበር። ጡረታ የወጣው ቀለም ቀቢ፣ በሰባ ሦስት ዓመቱ፣ ሚስቱ በተቀበረች ሰሞን፣ ለቀስተኛ ከተቀመጠበት ክፍል ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ እንጃ ብድግ አለ። ያጽናኑት የነበሩት ሽማግሌ ንግግራቸው አፋቸው ላይ ቀረ። ታላቅ እህቱ ተከትላው ወጣችና መተላለፊያው ላይ ክንዱን ያዘችው።

«ኧረ ተው፣ ሰው ምን ይለናል? እሾህ ላይ የተቀመጥክ ይመስል አላርፍ አልክ እኮ።»

አሁን እመለሳለሁ ብሏት ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ።

ከስፌት መኪናው ትይዩ ሚስቱ ለዓመታት የደከመችበት የመስታወት ገንዳ አለ። በጨዋማው ውሃ ውስጥ ኮራሎች፣ ድንጋይ መስለው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጡ የባሕር እንስሳት፣ ሐምራዊ፣ አረንጓዴና ብርቱካናማ ሆነው ይኖሩ ነበር። እህቱ በቀብሩ ዕለት፣ ሐዘን በተቀመጡበት ቤት ሞተር ሲያጉረመርምና ቀለም ሲያብረቀርቅ ነውር ነው ብላ፣ የውሃ መግፊያውን ከሶኬት ነቀለችው፤ ገንዳውንም በአልጋ ልብስ ሸፈነችው። ክፉ አላሰበችም፤ የቤቱን ክብር መጠበቋ ነበር። እሱም እያየ አልከለከላትም። በማግሥቱ ጨርቁን ሲገልጠው፣ ውሃው ሳይንቀሳቀስ በማደሩ፣ ትልቁ ሐምራዊ ኮራል ከሥሩ ነጥቶ ጠበቀው። ሞተሩን መልሶ ቢሰካም ነጩ አልቆመም፤ ብቅ ባለ ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ያገኘዋል።

ዕድሜውን ሙሉ ግድግዳ ሲቀባ የኖረ ሰው ነው፤ የለቀቀ ቀለም እንዴት እንደሚታደስ ያውቃል። ይህኛው ግን በብሩሽ የሚመለስ አልነበረም።

ሚስቱ ደህና በነበረች ጊዜ ይቀልድባት ነበር። የሰው ሚስት አበባ ታጠጣለች፣ የኔዋ ድንጋይ ትቀልባለች ይላል ለመጣው ሁሉ። እሷ ግን ካደጉት ላይ እየቆረጠች፣ በትንንሽ ድንጋይ ላይ እየለጠፈች ለወዳጅ ታድላለች። አንድ ቀን፣ እኔንስ ለማን ልታድይኝ ነው ቢላት፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል፣ «አንተማ ከተቆረጥክ አትበቅልም» አለችው።

ሕመሙ ከጸናባት በኋላ ጨዉ እንዴት እንደሚለካ፣ ውሃው መቼ እንደሚለወጥ ልታሳየው ደጋግማ ጠራችው። በጠራችው ቁጥር ሰበብ አያጣም፤ የበሩ ማጠፊያ ዘይት ይፈልጋል፣ ሱቁ ሊዘጋ ነው ብሎ ይወጣል። መማር ማለት መሞቷን አሜን ብሎ መቀበል መስሎት ነበር። እሷም ገብቷት ኋላ ኋላ መጥራቷን ተወችው።

ከሰዓት በኋላ አንዲት የጥርስ ሐኪም ለልቅሶ መጣች። ከሚስቱ ጋር ኮራል የሚለዋወጡ፣ ስልክ ካነሡ ወሬ የማያልቅባቸው ወዳጆች ነበሩ። አልቅሳ ሳትጨርስ እጇን ይዞ ወደ ስፌት ክፍሉ ወሰዳት። በመስታወቱ ፊት ጎንበስ ብላ ብዙ ቆየች።

«ይኼ እየሞተ ነው ጋሼ። ነጩ ሽቅብ ይወጣል እንጂ አይመለስም። ጫፎቹን ከነጩ በላይ ቆርጠን አዲስ ድንጋይ ላይ ካልለጠፍናቸው፣ ነገ የምንቆርጠው አናገኝም።»

«እሷ በእጇ ያሳደገችውን?»

«እሷ ብትሆን እስካሁን አትጠብቅም ነበር።»

ወደ ለቀስተኛው ተመልሶ ተቀመጠ፤ ሳይደላደል ተነሣ። ሲመለስ ሐኪሟ መቁረጫውን ከሚስቱ መሳቢያ አውጥታ እጅጌዋን ሰብስባ ነበር። እጁን ዘረጋላት።

«ለኔ ስጪኝ። ስትጠራኝ ሰበብ ፈጥሬ ብወጣም ከበሩ ሆኜ አያት ነበር። መጀመሪያ ከዚህ በታች ትይዘዋለች መሰለኝ። የዘነጋሁት ካለ አርሚኝ፣ ልጄ።»

ክንዱን እስከ ክርኑ ውሃው ውስጥ ከተተ። ቅርንጫፉ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ብሎ ተቆረጠ፤ አውጥቶ ለሐኪሟ አቀበላት። እሷም በተቆረጠው በኩል ማጣበቂያ አድርጋ መለሰችለትና፣ እስኪይዝ ድረስ እንዳትለቀው አለችው። ድንጋዩ ላይ ተጭኖ ያዘው።

እህቱ በሩ ላይ ብቅ ብላ፣ የድሮ አለቃው ከሩቅ መጥተው ሳሎን እየጠበቁት መሆናቸውን ነገረችው።

«ይቀመጡ በያቸው» አለ፤ ቅርንጫፏን በሁለት ጣቱ እንደያዘ።