ሳልሞት የመጣልኝ ለቅሶ

እኔ ወልደአረጋይ፣ አንኮበር ገበያው አጠገብ ልብስ የምሰፋው፣ ሐሙስ ረፋዱ ላይ መሞቴን በስልክ ሰማሁ። ያረዳችኝ የእህቴ ልጅ ናዝራዊት ናት።

«ጋሼ፣ ሰው እንዳያይዎ» አለችኝ እያለቀሰች። «ሞተዋል።»

«ማነው የሞተው?»

«እርስዎ።»

ልጅቷ እብድ አይደለችም። ደብረ ብርሃን ፋርማሲ የምታጠና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት፤ ጋሽ ፍሥሐ የሚባል ሰው መድኃኒት ቤት ልምምድ ትሠራለች። ነገሩን እንደምንም አውጣጣኋት። ሆስፒታል ውስጥ የልምምድ ቦታ ተገኝቶላታል፤ ከሐኪም ጋር እየዞሩ በሽተኛ የሚያዩበት፣ ስትመኘው የኖረችው ቦታ። ነገ መጥተሽ ሥራውን እይ ተባለች። ለጋሽ ፍሥሐ ግን ልሄድ ነው ብላ መናገር ፈራች። ሰውየው እንደ ልጁ ነው የያዛት፤ ስትመረቅ እዚሁ ነው የምትቀረው እያለ ለደንበኛው ሁሉ ያወራል። የልምምዷን ውጤት የሚሞላውም እሱ ነው፤ ከተቀየማት መመረቋም ቀረ ማለት ነው። ፈቃድ ልትጠይቅ ፊቱ ቆመች። «የት ልትሄጂ ነው?» አላት። እሷም «አጎቴ አርፎ» አለችው።

«ሌላ ሰው አጣሽ?» አልኳት።

«አፌ ላይ የመጡት እርስዎ ነዎት። ጋሼ፣ አሁን ጋሽ ፍሥሐ መድኃኒት ቤቱን ዘግተው ለቅሶ ሊደርሱ እየመጡ ነው። ገንዘብ ተቀባይዋ ኡሙሀኒ አብራቸው ናት፤ እሷ ናት በጎን የደወለችልኝ። እኔም ሚኒባስ ይዤ ከኋላቸው ነኝ። ተደብቀው ይቆዩልኝ፤ ካወቁ አለቀልኝ።»

እንግዲህ አስቡት፤ በዚህ አገር አድጋ ለቅሶ የተነገረው ሰው ቤቱ ቁጭ ይላል ብላ ነበር። መናደድ ሲገባኝ ፈራሁ። ሟርት እፈራለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። መቀሱን አስቀምጬ፣ ሱቄን ዘግቼ፣ ሰው እንዳያየኝ በጓሮ ዞሬ ቤት ገባሁ።

ሚስቴ እናናየሁ ጉዱን ስትሰማ «ነጠላዬን አዘቅዝቄ አልለብስም» አለች። «ለባሌ በቁሙ አላለቅስም። ያመጣችው እሷ፣ ትፈር።»

«ትምህርቷስ?»

«ለትምህርቷ ብዬ አንተን ልቅበር?»

ተቆጥታ ብቻ አይደለም፤ እሷም ፈርታለች፣ ድምፅዋ ያሳብቃል። እየተጨቃጨቅን ሳለን መኪና መጥቶ ደጃችን ላይ ቆመ። እኔ ጓዳ ገብቼ ከባቄላው ጆንያ ጀርባ ተቀመጥኩ። እናናየሁ ሌላ ምርጫ አጣችና ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ለቅሶው ከደጅ ጀመረ። ጋሽ ፍሥሐን አንድ ጊዜ ነው የማውቀው፣ መድኃኒት ቤቱ ድረስ ሄጄ፤ ዝግ ብሎ የሚናገር ጨዋ ሰው ነው። ያ ሰው ነው አሁን «ወንድሜን፣ ወንድሜን» እያለ የሚንሰቀሰቀው። ለራስ ሲለቀስ መስማት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ ሰው በሕይወት መኖሩን ይጠራጠራል። ደረቴን ዳበስኩ፣ ክንዴን ቆነጠጥኩ። ጎረቤት ደግሞ ጠዋት ሱቄ ውስጥ አይቶኛል፤ ጩኸቱን ሰምቶ ቢገባስ? ትንፋሼ ተሰማ አልተሰማ እያልኩ አፌን በመዳፌ ያዝኩ።

ለቅሶው ሲበርድ ኡሙሀኒ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎ» ስትል ሰማሁ። ከአንኮበር ቁልቁል ያለችው የዓሊዩ አምባ ልጅ ናት። ቀጥሎ ጋሽ ፍሥሐ በቀስታ ተናገረ።

«እመቤቴ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ባለፈው ወር የላክሁት የደም ግፊት ክኒን አለ? የተረፈውን ቢያሳዩኝ።»

«አሁን ምን ያደርጋል?» አለች እናናየሁ።

«ይወስዱት የነበረው ባለ አምስት ሚሊግራሙ ከገበያ ጠፋብኝ። ስለዚህ ባለ አሥሩን ላክሁ። ግማሹን ብቻ ይዋጡ ብዬ ለናዝራዊት ነግሬያታለሁ፤ እሷ ደግሞ አትረሳም። ግን መርዶውን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። በእኔ መድኃኒት ሞተው እንደሆነስ?»

ግማሹን ብቻ።

እኔ ሙሉውን ነው የምውጠው። ናዝራዊት ስታመጣልኝ ቸኩላ ነበር። ሣጥኑ ሌላ ነው እኮ ስላት «ያው ነው፣ እንደ ድሮው ይዋጡ» ብላኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ከተቀመጥኩበት ስነሳ ዓይኔ ይጨልማል፤ ወደ ማታ እግሬ ያብጥና ጫማ እምቢ ይለኛል። እርጅና ነው ብዬ ለእናናየሁ እንኳ አልነገርኳትም። ለካ እኔ ሟርት ስፈራ፣ ሞቴን በየቀኑ በውሃ እያወራረድኩ ኖሯል።

ለእውነት ብዬ ወጣሁ አልልም። ቆሌዬ ተገፎ ነው የወጣሁት። የጓዳውን መጋረጃ ገልጬ «ሙሉውን ነው የዋጥኩት» አልኩ።

ኡሙሀኒ «ቢስሚላህ» ብላ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ጋሽ ፍሥሐ አፉን ከፍቶ አየኝና መሬት ላይ ቁጭ አለ። ማንም አላነሳውም። እሱ ራሱ እየዳኸ መጥቶ ሱሪዬን ሰብሰብ አደረገና ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱን ሲያነሳ ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። ኡሙሀኒን ልኮ ከመኪናው የግፊት መለኪያውን አስመጣ፣ ለካኝ፣ አላመነም፣ ደግሞ ለካኝ።

«በጣም ወርዷል» አለ። «ዛሬ ክኒኑን እንዳይነኩት። አሁኑኑ በመኪናዬ ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን።» ስለ ውሸቱ አንድም አልጠየቀኝም።

ገና ነጠላዬን ስፈልግ ናዝራዊት እያለከለከች ደረሰች። እኔን አየች፣ እሱን አየች፤ ፊቷ አመድ መሰለ። ይጮህባታል ብለን ሁላችንም ጠበቅን። እሱ ግን ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ግማሹን ይዋጡ ብዬሽ ነበር። ነገርሻቸው?»

«ረሳሁ።»

«አንቺ አትረሺም። ያን ቀን ምን እያሰብሽ ነበር?»

«እርስዎን» አለች። «ሆስፒታል ቦታ አግኝቻለሁ ብዬ እንዴት እንደምነግርዎ። መንገዱን ሙሉ እሱን ነበር የማስበው።»

ጋሽ ፍሥሐ ወደ ኡሙሀኒ ዞረ። «እኔ እንዲህ ነው የማስፈራው?» አላት።

ኡሙሀኒ መሬት መሬት አየች። እሱም ምነው ባልጠየቅሁ ያለ ይመስለኛል፤ መለኪያውን ጠቅልሎ ወደ ናዝራዊት ዞረ።

«ሰኞ ሆስፒታሉን ጀምሪ» አላት። «ለኃላፊው እኔ እደውልለታለሁ፤ ይህንን የክኒኑን ስህተትም ጭምር እነግረዋለሁ። ውጤትሽንም እሞላለሁ። ብትጠይቂኝ ኖሮ ራሴ ነበርኩ የምወስድሽ።»

ናዝራዊት ይቅር ይበሉኝ ብላ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ትከሻዋን ይዞ አስቆማት፣ ከዚያም ወደ እኔ አዞራት፣ ወዳበጠው እግሬ።