ጤነኛው ደም

አጃን ዊሩት በታይላንዷ ቺያንግ ማይ ከተማ የታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በደም ምርምሩና በደሙ። ምርምሩን የሚያውቁት ሐኪሞች ናቸው። ደሙን ግን የሆስፒታሉ ዘበኛ ሳይቀር ያውቀዋል፤ አምስተኛ ፎቅ የላቦራቶሪው በር ላይ ፎቶው ተሰቅሏላ። እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ ካሜራውን እያየ። ከሥሩ በወርቅ ቀለም "መለኪያው እኔ ነኝ" ይላል። ጽሑፉን ያወጣው ራሱ ነው። ሌላ ማን ያወጣዋል።

በዚያ ፎቶ ላይ መርፌ የያዘች አንዲት እጅ ትታያለች። የሴንግዱዋን እጅ ናት። ከእጅ አንጓዋ በላይ ያለውን ፎቶ አንሺው ቆርጦ ጥሎታል።

ሁሉም ባጭሩ ዱዋን የሚላት ይህች ሴት ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዊሩት ደም ስትቀዳ፣ ስታጣራ፣ ስትመረምር ኖራለች። ሰው ሁሉ "አጃን" እያለ፣ መምህር እያለ ሲሰግድለት እሷም ትሰግዳለች፤ አንገት ማጎንበስ አያስከፍልም። እውነቱን ለመናገር ግን ሰውየው ድሮ ጎበዝ ነበር። በወጣትነቱ የደም ካንሰር ሲያጠና፣ አንገታቸው በንፍፊት አብጦ "ካንሰር ነው" ተብለው ከየገጠሩ ከሚላኩለት ሰዎች ጥቂቶቹ ካንሰር እንደሌለባቸው ያስተዋለ እሱ ነው። ኤችአይቪም የለባቸውም። ነገር ግን ጤነኛ ሰው ከቁም ነገር የማይቆጥረው ተራ ጀርም እነሱን አልጋ ላይ ይጥላቸዋል። ደማቸው የገዛ ጠባቂውን የሚያስር አንቲቦዲ ይሠራል፤ ጠባቂው ታስሮ ሌባው በደጅ ይገባል። ለደም ካንሰር የሚሰጥ አንድ መድኃኒት ያንን አንቲቦዲ የሚሠሩትን ሴሎች እንደሚገድል ዊሩት ያውቅ ነበርና እሱን ሰጥቶ ሰው አዳነ። ያን ጊዜ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። ከዚያ ሽልማት መጣ። ከሽልማቱ ወዲህ የሚጠይቀው "ፎቶ አንሺው የት አለ?" ብቻ ሆነ።

ምርመራው ቀላል ነው። ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሏት የፕላስቲክ ገበታ ላይ ከበሽተኛው ደም የተለየው ውሃ ይንጠባጠባል። አንቲቦዲው ካለ ቢጫ ይሆናል፤ በበዛ ቁጥር ቢጫው ይደምቃል። ከጤነኛ ሰው ደም ሁለት እጥፍ የደመቀ በሽታው አለበት፤ ያልደረሰ የለበትም። ሌላው ዓለም የብዙ ጤነኛ ሰው ደም ደባልቆ ማነፃፀሪያ ያደርጋል። ዊሩት ግን በዚህ አልተስማማም።

"የማንን ደም ነው የማምነው? ዘበኛው አረቄ ይጠጣል፤ ተማሪዎቹ አይተኙም። እኔ አላጨስም፣ አልጠጣም፣ ማለዳ ማለዳ እሮጣለሁ።"

ስለዚህ በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ተማሪዎች ከበውት ክንዱን ይዘረጋል፤ ዱዋን ትቀዳለች። በዚህ ዓይነት የሰሜን ታይላንድ በሽተኛ ሁሉ በአንድ ሰው ደም ሲለካ ኖረ።

ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ በሽታው የሚገኝበት ሰው እየቀነሰ ሄደ። ዊሩት ወዲያው አንድ ጽሑፍ አሳተመ፤ በሽታው ከአካባቢው እየጠፋ ነው፣ ያጠፋውም የእሱ ክትትል ነው የሚል። ለዚህም ትሪ የሚያህል ሽልማት ተሰጠው።

ሉንግ ኢንታ ግን አልጠፋም። አጎት ማለት በሚሆነው "ሉንግ" የሚጠራው ይህ የላምፑን አገር የሎንጋን ፍሬ ገበሬ ሁለተኛ ፎቅ ላይ አልጋ ከያዘ አራተኛ ጊዜው ነው። የአንገቱን ንፍፊት ሦስት ጊዜ ቆርጠው አዩት፤ ካንሰር አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ዘጠኝ ወር ዋጠ፤ ባሰበት። የዊሩትን ምርመራ አራት ጊዜ ተመረመረ፤ አራቱንም ጊዜ ሁለት እጥፍ አልሞላም። መድኃኒቱ ውድ ስለሆነ ያለ ዊሩት ፊርማ አይወጣም። የክፍሉ ሐኪም ለዱዋን ሹክ እንዳላት ከሆነ ሳንባው ከሁለት ሳምንት በላይ አይጠብቅም።

"ልጄ፣ ደሜ ምን አለ?" አላት ኢንታ፣ ለአምስተኛው ምርመራ ልትቀዳው ስትወርድ።

"እስካሁን የለብዎትም ነው የሚለው፣ ሉንግ።"

"ሳይዘኝ እንዲህ ከጣለኝ፣ የያዘኝ ቀን ምን ሊያደርገኝ ነው?"

ያን ሰሞን ዊሩት ለስብሰባ ሲንጋፖር ነበር። የሰኞው ደም ሳይቀዳ ቀርቶ ያለፈው ብልቃጥ አልቋል። ዱዋን በር ላይ ወዳለው ዘበኛ ወደ ካምሙን ወረደችና በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ የወተት ሻይ ደሙን ገዛችው።

"አጃንን ልተካ ነው?" አለ ካምሙን እጅጌውን እየጠቀለለ። "ፎቶ አንሺ አይመጣም እንዴ?"

በካምሙን ደም ሲለካ የኢንታ ቢጫ አሥራ አንድ እጥፍ ሆነ።

ዱዋን በመጀመሪያ ገበታውን ጠረጠረች። ከጽዳት ሠራተኛዋ፣ ከኑድል ሻጯ፣ ከሁለት ተማሪዎችና ከራሷ ቀድታ ደገመችው። የስድስቱም ደም እንደ ውሃ ነጭ ነው። ከዚያ ማቀዝቀዣውን ከፍታ ከዊሩት ደም በየወሩ ለመዝገብ የሚቀመጡትን የሦስት ዓመት ብልቃጦች በወር በወራቸው ደርድራ መረመረቻቸው። ቢጫው እንደ ደረጃ ይወጣል። በሽታው ከአካባቢው አልጠፋም ነበር፤ መለኪያው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። አንዴ ሳቋ አመለጣት። ከዚያ በስህተት "የለብህም" ተብለው የተመለሱትን ሰዎች ፋይል ስታወጣ ሠላሳ ስምንት ሆነባት፤ ሳቁም ቀረ።

ሄዳ ለዶክተር ፓሪንያ አሳየችው። ፓሪንያ የዊሩት ምክትል ነው፤ ዊሩት በወሩ መጨረሻ ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ይረከባል።

"ፒ ዱዋን፣" አላት፤ ታላቅ እህቱ አድርጎ የሚጠራት የሆነ ነገር ሲፈልግ ነው። "ይሄን ለማን አሳየሽ?"

"ለእርስዎ።"

"ጎሽ። ለሌላ ሰው አታሳዪ። ሦስት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ መለኪያውን ቀስ ብለን እንቀይረዋለን፤ ማንም አይሰማም።"

"ሉንግ ኢንታ ሦስት ሳምንት የለውም።"

"ፒ፣ ከጽሑፎቹ በአሥራ ሰባቱ ላይ ስሜ አለ እኮ!"

"አውቃለሁ። ቁጥሮቹን ያወጣሁልዎ እኔ ነኝ።"

ፓሪንያ ክፉ ሰው አይደለም። ለክፋት ራሱ ወኔ ያንሰዋል።

ዊሩት ከሲንጋፖር ሲመለስ አንገቱ ላይ የሐር ሻርፕ ጠምጥሟል። ከሻርፑ ጀርባ ደረቅ ሳል አለ፤ ሳሉ ዓመት አልፎታል።

"አጃን፣ ማነፃፀሪያው ታሟል" አለችው።

"ብልቃጡ ተበላሸ?"

"ብልቃጡ ደኅና ነው።"

ጥቂት አሰበና ገባው፤ ከዚያ ሳቀ። "ዱዋን፣ እጅሽ ድሮም ከባድ ነበር፤ አሁን ደግሞ ዓይንሽም ደከመ።"

"ያንገትዎ ንፍፊትስ?"

"የኤር ኮንዲሽነር ነው።"

"ኤር ኮንዲሽነር ሳል ያመጣል እንበል። ንፍፊት ያወጣል እንዴ?"

"ሕክምና ስንት ዓመት ተማርሽ?"

"አልተማርኩም።"

"እኔ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ። በይ የዘበኛውን ደም ድፊልኝ፤ ላቦራቶሪዬ አረቄ አረቄ እንዳይሸት።"

ዱዋን ሰግዳ ወጣች። የካምሙንን ደም ግን አልደፋችም።

ዊሩት ራሱ ያወጣው አንድ ደንብ ነበር፤ ካወጣቸው ደንቦች ሁሉ የሚኮራበት። ድሮ ባለሥልጣን ሁሉ ለዘመዱ መድኃኒት እንዲፈረምለት ሲጎተጉተው፣ በሽተኛ በስሙ አይቀርብም፣ በቁጥር ብቻ ይቅረብ አለ። መጀመሪያ ፊርማ፣ በኋላ ስም። በቁጥር የተፈረመ ወረቀት ስሙ ከተከፈተ በኋላ አይሰረዝም። ይህን የገበታ ንባብ በየጊዜው ተማሪ ሰብስቦ ያለ መሣሪያ በዓይኑ ያደርገዋል፤ የመሰናበቻውም ንባብ በሚቀጥለው ሐሙስ ነው። ለጡረታው ለሚታተመው መጽሐፍ ፎቶ ይነሣል። ገበታውን የምታዘጋጀው ደግሞ ዱዋን ናት።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎቹ የጃስሚን አበባ ጉንጉን በየተራ ሲያጠልቁለት አገጩ ድረስ ደረሰ። ካምሙን ሰልፍ ሊያስይዝ በሩ ላይ ቆሟል። ዱዋን ገበታውን አቀረበች።

ዊሩት መነጽሩን አስተካክሎ መጀመሪያ ማነፃፀሪያውን አየ። የራሱ መስሎት ፈገግ አለለት።

"ይቺን ንጣት እዩልኝ!" አለ ለተማሪዎቹ። "ይህ የምን ውጤት ነው? የሩጫ!"

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ።

"አንድ የለበትም። ሁለት የለበትም። ሦስት፣" ዝቅ ብሎ አየ፤ "አለበት፤ ምን ጥያቄ አለው!" ፈረመ። ዱዋን ትንፋሿን ለቀቀች። አራት፣ አምስት፣ ስድስት አለፉ። ሰባተኛው ላይ ቆመ።

"ኧረ ይሄስ! ይሄ ሰውዬ በእግሩ ይሄዳል? ይህን ያህል እስኪደርስ ያየው ሐኪም ማን ነው? ሐኪም ከተባለ! ዕውር መሆን አለበት።" አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፓሪንያ ብቻ ጫማውን ያያል። ዊሩት ፈረመና ከፊርማው ሥር በገዛ እጁ "ሳይውል ሳያድር ይጀመርለት" ብሎ ጨመረበት።

የስሞቹ ኤንቨሎፕ ለፓሪንያ ተሰጠ።

"ሦስት፣ ኢንታ፣ ከላምፑን" ብሎ አነበበ። ከዚያ ቀጣዩን ለራሱ አነበበ።

"ሰባትስ? ጮክ በል እንጂ!"

"ሰባት... እርስዎ ነዎት፣ አጃን።"

ዊሩት ወረቀቱን ከእጁ ነጠቀው።

"ማነው የደባለቀው?" አለ ዊሩት።

"አልተደባለቀም" አለች ዱዋን። "ማነፃፀሪያው የካምሙን ደም ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ካምሙን ቆቡን አወለቀ። "እኔ እንኳ አልሮጥም፣ አጃን" አለ።

ዊሩት ገበታውን ደግሞ አየው፤ ረዘም አድርጎ። እጁ በአበባው ሥር ገብታ ሻርፑን ነካች።

"የስንት ጊዜ ብልቃጥ አየሽ?" አላት በዝግታ።

"የሦስት ዓመት።"

"ስንት ሰው መልሰናል?"

"ሠላሳ ስምንት።"

ይህ የድሮው ድምፁ ነው፤ ጥያቄ ይጠይቅ የነበረው ሰው ድምፅ። ዱዋን ለግማሽ ደቂቃ ያህል ልታከብረው ምንም አልቀራትም። ያኔ ቀና አለና ፎቶ አንሺውን ፈለገ።

"ይህን አንሣ! ተማሪዎቼ፣ እነሆ፣ ይህን በሽታ በራሴ ላይ ራሴ አገኘሁት!"

አጨበጨቡለት። ምን ያድርጉ፤ ለጭብጨባ ነው የመጡት።

ደንብ ደንብ ነውና የኢንታ መድኃኒት በማግሥቱ ወጣ። መለኪያው የብዙ ሰው ደም ሆነ። ለሠላሳ ስምንቱም ተደወለ፤ ስልኩን ራሳቸው ያነሡት ሃያ ዘጠኙ ናቸው። መጽሐፉ ሲታተም ስለነዚህ ስልኮች አንድ መስመር አልነበረበትም፤ በራሱ ላይ ስላደረገው ግኝት ግን አሥራ አራት ገጽ ነበር።

በጥቅምት ዱዋን ለክትትል ደም ልትቀዳ ሁለተኛ ፎቅ መድኃኒቱ በደም ሥር ወደሚሰጥበት አዳራሽ ወረደች። ኢንታ ጉንጩ ሞልቶ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል። ዊሩት ከጎኑ ነው። የግል ክፍል ጠይቆ ነበር፤ ይህ መድኃኒት ነርስ በምታይበት አዳራሽ ካልሆነ አይሰጥም ተባለ። ይህንንም ደንብ ያወጣው እሱ ነው። አምስተኛ ፎቅ ከወጣ ወዲህ በሽተኛ አልጋ አጠገብ ቆሞ ስለማያውቅ ኢንታ በመልክ አያውቀውም።

"አንተስ ወንድሜ፣ ማን አሳስቶህ ነው እዚህ የደረስከው?" አለው ኢንታ። "እኔን አንድ እላይ ያለ ሰውዬ ነው፤ አራት ጊዜ የለብህም ብሎኛል። አንተንም እሱ ነው?"

ዊሩት ቀና ብሎ ዱዋንን አየ። እሷ ክንዱ ላይ መርፌውን እያስገባች ነበር። ቀና አላለችም።

"እሱ ነው" አለ በመጨረሻ።

"ሐኪም ነው ደግሞ?"

"ነበረ። ጡረታ ወጣ።"

"ተገላገልን!" አለ ኢንታና ከደረቀው ሎንጋን እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ዘረጋለት። "ብላ፤ ከራሴ ዛፍ ነው።"

ዊሩት መርፌ በሌለበት እጁ ተቀበለው።