የቀዝቃዛው ክፍል ቁልፍ

ሰፈሩ «ወይዘሮ አፍንጫ» ይላታል፤ እሷም ኮራ ትልበታለች እንጂ አትቀየምም። የዶሮ ሥጋ መሸጫዋን ያቆመችው በዚያው አፍንጫ ነዋ! ጠዋት ጠዋት አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ቁልፍ ቀዝቃዛውን ክፍል ትከፍትና የእያንዳንዱን ዶሮ ክንፍ ገልጣ ታሸታለች። ደስ ያላት ወደ መደርደሪያ፣ ያልጣማት ወደ ቆሻሻ። ልጇም ሆነ ምራቷ ትንፍሽ አይሉም።

ምራቷ ላይማ ያ አፍንጫ እረፍት አያውቅም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምስኪኗ ደፋ ቀና ብላ የሠራችውን ምግብ ሴትዮዋ ክዳኑን ከፈት አድርጋ ታሸትና፣ ሳትቀምስ፣ እንግዳው እያየ ትደፋዋለች። «እጅሽ ነው የሚሸተው» ትላታለች። ልጇ ሳህኑን እያየ ዝም፤ ምራቷም ዝም። ዝም አይነቅዝም ብላ እንጂ ረስታው አልነበረም።

ከዚያ ሴትዮዋን ጉንፋን ጣላት፤ ሲለቃትም ማሽተቷን ይዞባት ሄደ። ሽንኩርት ቆርጣ አፍንጫዋ ሥር ያዘች፤ ዓይኗ አለቀሰ፣ አፍንጫዋ ግን ወይ ፍንክች። በረኪናም ያው። ክው አለች። ይህን መናገር ማለት ቁልፉን አውልቆ መስጠት ነው። ቁልፉን ያጣች አሮጊት ጓዳ እንደምትጣል ታውቃለች፤ የገዛ አማቷን ጓዳ የጣለቻት እሷው ናት።

ስለዚህ መላ ዘየደች። ያሸተተች መስላ በአውራ ጣቷ ቆዳውን መዳበስ ጀመረች። የተበላሸ ዶሮ ያዝለገልጋል፤ ደህናው ቢረጥብም ጣት ላይ አይለጠፍም። ጣቷም አላሳፈራትም። «ጎሽ፣ አሁንም አለሁ» አለች በልቧ።

አንድ ጠዋት የሆስፒታሉ ምግብ ቤት ኃላፊ ለታማሚዎች ዶሮ የሚያቀርብ ሱቅ ሊመርጥ መጣ። ደንበኛው ተሰልፏል። ልጇ «እናቴ በአፍንጫዋ ነው የምትመርጠው» ብሎ አስተዋወቃት። ሴትዮዋ ከላይኛው ሣጥን አንዱን አነሣች፤ ጣቷን ሰደድ አደረገች፤ ቆዳው ንጹሕ ነው። ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ሳበች።

«የዛሬ ነው! ያሽትቱት እስቲ!» ብላ አፍንጫው ላይ ደቀነችለት።

ሰውየው አፉን ይዞ ወደ በሩ ሮጠ። ሰልፈኛው በነጠላ፣ በእጅጌ፣ ባገኘው ሁሉ አፍንጫውን ሸፈነ። አንዷ ደንበኛ ሳቀች፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ።

«ብርዱን አምነው ነው?» አለ ኃላፊው በሩ ላይ ሆኖ። «ብርድ የሚወድ ባክቴሪያ አለ እኮ፤ ፍሪጅ ውስጥም ሥራውን አያቆምም። ይሄ ከሸተተ ሰንብቷል!»

ልጇ ጠጋ አለ። «እማዬ፣ አልሸተተሽም?»

ልጇ ቁልፉን ከአንገቷ አወለቀና ለሚስቱ ሰጣት።

ማታ ወጥ ቤት ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ። «አንቺ ነሽ» አለች ሴትዮዋ።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለች ምራቷ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ። «ከጣሉት አንዱን አንሥቼ ዝልግልጉን በጨው ውኃ አጠብኩት፤ በጨርቅም አድርቄ ከላይኛው ሣጥን ከተትኩት። ጣትዎ ሲያሸት አይቼ ነዋ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሩዙ ያረረ ቀን። ጎረቤት ሁሉ ሸቶት ሲጮህ እርስዎ አጠገቡ ቁጭ ብለው ጥፍርዎን ይቆርጡ ነበር።»

ሴትዮዋ ጓዳ ገባች። ሰነባብቶ እንግዶች መጡ። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ወደ ሳሎን ልትወጣ ስትል ምራቷ በሩ ላይ አገኘቻት፤ ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ አየር ሳብ አደረገች፤ ፊቷንም ዞር።

«እትዬ፣ ለዛሬ እዚሁ ቢሆኑ ይሻላል።»

«ለምን?»

ምራቷ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።

ሴትዮዋ እጅጌዋን አሸተተች፤ ምንም። ብብቷን አሸተተች፤ ምንም። ቀሚሷን አውልቃ ገላዋን በሳሙና ፈተገች፤ ሌላ ለበሰች፤ ደግማ ታጠበች። ቆዳዋ እስኪቀላ ፈተገችው። አትሸትም ነበር፤ ግን በምን ትወቀው? ከሳሎን ሳቅ ሲሰማ በእሷ የሚስቁ መሰላት፤ እንባዋ መጣ።

በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጋ ልጇን በምልክት ጠራችው።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። እሸታለሁ እንዴ?»

ልጇ ወለሉን አየ። «እኔ እንጃ፣ እማዬ፤ እሷን ጠይቂያት» አለና ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።