ሽማግሌዎቹ ያልመጡበት ሮብ

ጁነይድ ነገር ሳያውቅ ካደረ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ጎረቤት በግ ሲገዛ ዋጋውን፣ አዲስ ሱቅ ሲከፈት ባለቤቱን፣ ቀብር ሲወጣ የሟቹን በሽታ ሳይጠይቅ አያልፍም። ከወሎ መጥቶ ጅግጅጋ ገበያ ውስጥ የጨርቅ ሱቅ ከከፈተ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ያመለጠው ወሬ ቢኖር አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የራሱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

በዚያ ክረምት ገበያው የሚያወራው ስለ ሪዋያድ ነበር። ሶማሌዎች ግጥምና ዘፈን ያለበትን ተውኔት እንዲያ ይሉታል። ትምህርት ሲዘጋ መምህራኑና ከዩኒቨርሲቲ የተመለሱት ወጣቶች አዳራሹን ይወርሩታል፤ በአንዱ ጥግ ይዘፈናል፣ በሌላው ይጨፈራል፣ መድረኩ ላይ ደግሞ ተዋንያን ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የዘንድሮውን ሪዋያድ የጻፈችው የጁነይድ ልጅ መምህርት ሳህራ ናት። እዚያው ጅግጅጋ ተወልዳ አማርኛውንም ሶማሊኛውንም እንደ ውኃ ጠጥታቸዋለች።

ታዲያ ምን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሰው ሁሉ ጁነይድን ሲያገኘው "ትመጣለህ አይደል?" ይለውና ፈገግታውን ይውጣል። ሱቁ ደጃፍ ላይ የግመል ወተት የምትሸጠውን ሀሊሞን ያዛት።

"ተውኔቱ ስለ ምንድን ነው?"

"ሂድና እየው፣ የሳህራ አባት።"

"አንቺ አይተሽዋል?"

"ልምምዱን አይቻለሁ። ሆዴን እስኪያመኝ ሳቅኩ፤ ኋላ ደግሞ አለቀስኩ።"

"ማን ሞቶ?"

"ማንም አልሞተም" አለችና በሻሿ አፏን ሸፈነች።

ሳህራን ሲጠይቃት ደግሞ እሷ አሮጌ ኮትህን አውሰኝ አለችው።

"ኮቴ ምን ያደርግልሻል?"

"ለአንዱ ተዋናይ ነው።"

"ምን ዓይነት ሰው ሆኖ የሚጫወት?"

"ኮት የሚለብስ ሰው ሆኖ" አለችው።

ሳህራና አባቷ እንዲህ እየተቀላለዱ ቢኖሩም በመካከላቸው የማይነሳ ነገር ነበር። በድርቁ ዓመት ዴቅ የሚባል የደወሌ ከተማ ልጅ ሳህራን ሊያገባ ሽማግሌ ልኮ ነበር። የመሩት አጎቱ ዐብዲወሃብ ናቸው፤ የተከበሩ ነጋዴ። ጁነይድ በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። ለመልሱ ሮብን ቀጠረ፤ ሮብ ዕለት ሙክት አርዶ፣ ምንጣፍ አንጥፎ ፀሐይ ጠልቃ መግሪብ እስኪሰገድ ጠበቀ። ማንም አልመጣም፤ የደወለም የለም። ሳህራም የተናቀች መስሏት ኋላ ዴቅ ሲደውል ስልኩን አላነሳም አለች። ከዓመት በላይ አልፎ ሽማግሌዎቹ አንድ ዝናባማ ቀን ድንገት በሩን ሲያንኳኩ፣ ጁነይድ ሊያላግጡበት የመጡ መሰለውና ሳይከፍት መለሳቸው።

"ወላሂ፣ የእነዚያን ሰዎች ስም በዚህ ቤት ያነሳ ልጄ አይደለም" ብሎ ማለ።

ያመመው የጋብቻው መፍረስ ብቻ አይደለም። አገሬ ያለው ከተማ "አንተ መጤ" ያለው መስሎት ነው። ከዚያ ወዲህ ዐብዲወሃብ ለንግድ ጅግጅጋ ሲመጡ ገና ከሩቅ ካያቸው ወደ ማዶ ይሻገራል። ሰላምታ የሚሰጠውን ሰው ሁሉ "ይሄስ ከልቡ ነው?" እያለ ይመረምራል።

ተውኔቱ የሚታይበት ቀን ከዐስር ሰላት በኋላ አዳራሹ ገብቶ ፊት ለፊት ተቀመጠ። ቀና ሲል ከመተላለፊያው ማዶ ዐብዲወሃብ ተቀምጠዋል። ሊወጣ ተነሳ፤ ግን ሳያይ ወጥቶ ቤቱ ሊያድር ነው? ተመልሶ ተቀመጠ።

መጋረጃው ሲከፈት ኮቱ ብቅ አለ። ውስጡ ያለው ተዋናይ እንደ ጁነይድ ጢሙን እያሻሸ፣ እንደ ጁነይድ ሶማሊኛውን እየሰባበረ ጨርቅ ይሸጣል። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ጁነይድ ፊቱ ጋለ፤ የገዛ ልጄ ለአገር መሳቂያ አደረገችኝ አለ በሆዱ። ወዲያው የመድረኩ ሽማግሌዎች ገብተው ልጅህን ለልጃችን አሉት። ተዋናዩ በደስታ እየተንተባተበ "ሮብ ካላያ" ሲላቸው ሰው ሁሉ እየተደጋገፈ ሳቀ።

ጁነይድ አልገባውም። ካላያ ማለት ኑ ነው፤ ሮብ ደግሞ ሮብ ነው። ከኋላው ወደተቀመጠችው ወደ ሀሊሞ ዞረ።

"ምኑ ነው የሚያስቀው?"

"ሮብ በእኛ ቋንቋ ዝናብ አይደለም እንዴ? ዝናብ ሲመጣ ኑ ነው ያልካቸው።"

ያልካቸው። ያላቸው አላለችም። ጁነይድ ሮብ ዝናብ መሆኑን ያውቃል፤ የእሱን ሮብ ሶማሌዎቹ አርበዐ እንደሚሉትም ያውቃል። ያን ቀን ግን በደስታ ሰክሮ በሶማሊኛው መሀል አማርኛውን ጨመረበት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

መድረኩ ላይ ሽማግሌዎቹ ግራር ሥር ተቀምጠዋል። አንደኛው ተቆጥቷል፤ ሰውየው እምቢ ማለቱ ነው ይላል።

"የለም፣ አዋቂ ሰው ነው" አለ መሪያቸው። "ከብት እያለቀ ሰርግ ነውር ነው፣ ዝናብ እስኪመጣ እንታገሥ ማለቱ ነው። የእኛው ሰው ባይሆን ይህን ከየት ያመጣዋል?"

"ምን አለ?" አለ ጁነይድ።

"ሰምተኸዋል" አለችው ሀሊሞ።

"ቢሆንም ድገሚልኝ።"

"የእኛው ሰው ነው አለ።"

ከዚያ በኋላ ተዋናዩ በሩን ሲያይ፣ ሽማግሌዎቹ ሰማዩን ሲያዩ ተመልካቹ ይስቅ ነበር፤ ጁነይድ ግን በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ አለቀሰ። በመጨረሻ ዝናቡ መጣ። ሽማግሌዎቹ እየበሰበሱ ሮጠው በሩን አንኳኩ። የመድረኩ አባት ከፈተላቸው፤ ሙሽሮቹ ወጡ፤ ሴቶቹ እልል አሉ።

ጭብጨባው ሳያልቅ ጁነይድ ከመጋረጃው ኋላ ገብቶ ሳህራን አገኛት።

"ከማን ሰማሽ?"

"ከዐብዲወሃብ። ዘንድሮ ሄጄ ጠየቅኋቸው።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምለሃል። ስማቸውን ያነሳ ልጄ አይደለም ብለሃል። ተውኔቱ ላይ የማንም ስም የለም።"

"መሐላውን ላፈረስኩበት እጾማለሁ። ነገ ደወሌ ሄጄ ልጁን በእጄ ይዤልሽ እመጣለሁ።"

ሳህራ የአባቷን ሻርፕ አስተካከለችለት።

"አባዬ፣ ዴቅ ባለፈው የረጀብ ወር አገባ። እኔም የጠየቅኋቸው ከዚያ በኋላ ነው።"

ጁነይድ በእጁ ወደ መድረኩ አመለከተ።

"ታዲያ ይህን ሁሉ ለማን ብለሽ ደከምሽ?"

"ላንተ" አለችው። "ሰው የናቀህ እየመሰለህ እንዳታረጅ።"

ዐብዲወሃብ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩ ላይ እየጠበቁት ነበር። ሳህራ የአባቷን ክንድ ያዘችና ወደ እሳቸው ወሰደችው።